ሜኑው የት ገባ? (ስለ አውቶካድ መልክ መለዋወጥ)

ወዳጆቼ፣ በተለይ ድራፍቲንግ አብረን የተማማርን ልጆች፤ አዲስ የአውቶካድ ቨርዥን በተጫነ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ። «ሜኑው የት ገባ?» ጠያቂው አንዴ ከሀዋሳ ነው፣ አንዴ ከዱባይ። ዛሬ መልሱን ብቻ ሰጥቼ ከማልፍ ታሪኩን ላጫውታችሁ፤ ምክንያቱም ሜኑው ሲጠፋ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አውቶካድ የወጣው በ1982 ነው። ጆን ዎከርና ባልደረቦቹ አውቶዴስክን ያቋቋሙትም በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የተነሳው ማይክል ሪድል ከጻፈው ኢንተራክት ከሚባል ሥራ ነው። ያንን አውቶካድ ዛሬ ብታዩት ግራ ትጋባላችሁ። አይከን የለ፣ ቱልባር የለ። በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ የቃላት ዝርዝር ተደርድሯል፤ ከታች ደግሞ ትእዛዝ የሚጻፍባት መስመር አለች። «ላይን» ብለህ ትጽፋለህ፤ ከየት ልጀምር ይልሃል፣ ትነግረዋለህ፤ እስከ የት ይልሃል። ከመሳል ይልቅ ከሰው ጋር መነጋገር ነው የሚመስለው። ማውስ ገና ባልተለመደበት በዚያ ዘመን ብዙ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዲጂታይዘር ታብሌት ይጠቀሙ ነበር። ትእዛዞቹ በትንንሽ ሳጥን የታተሙበት ሽፋን ይለጠፍበትና ሠራተኛው ሳጥኗን እየነካ ይሠራል። ሲቆይ ማየትም ይተዋል፣ እጁ ቦታውን ለምዷላ።

በ1987 ሪሊዝ 9 ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሜኑ ይዞ መጣ። በ1997 ሪሊዝ 14 ዶስንና ዩኒክስን ጨርሶ ትቶ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ ግራጫ ቱልባሮቹ ግራና ቀኝ የተደረደሩበት መልክ፣ አብዛኞቻችሁ «ትክክለኛው አውቶካድ» የምትሉት ነው። እድሜው ግን እንደምታስቡት ረጅም አይደለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2008 መጋቢት ላይ፣ አውቶካድ 2009 በተባለው ቨርዥን ነው። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2007 ያስተዋወቀውን ሪበን አውቶካድም ወሰደው። የላይኛው ሜኑ ተደበቀ፣ ትእዛዞቹ በታብ በታብ ተከፋፈሉ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ትእዛዙ እየበዛ ሄዶ በቱልባር አይያዝም፤ አዲስ ተማሪ ደግሞ ስሙን ያላወቀውን ነገር በምልክትና በቡድን ተሰባስቦ ቢያገኘው ይቀለዋል። እውነት ነው፣ ይቀለዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን አዲሱ አይደለም። ቱልባር ሁሌም ከፊትህ ነው፤ ሪበን ላይ ግን ዳይሜንሽን ለማስገባት አንድ ታብ፣ ተመልሶ ለመሳል ሌላ ታብ። አንድ ክሊክ ምን አላት ትሉ ይሆናል። የአንድ ፎቅ ፕላን ዳይሜንሽን አስገብቶ የሚያውቅ ግን ምን እንዳላት ያውቃል። በዚያ ላይ ሞኒተሮች ወደ ጎን እየሰፉ ቁመታቸው ባጠረበት ሰዓት ሪበኑ ከላይ ያለውን ቦታ ወሰደው።

ያኔ ማስታገሻው «አውቶካድ ክላሲክ» የሚባለው ወርክስፔስ ነበር። እሱን መርጠህ የድሮውን መልክ ታገኛለህ። ብዙ ሰው እዚያው ተደላድሎ ተቀመጠ። በ2014 መጋቢት አውቶካድ 2015 ሲወጣ ግን ያ ወርክስፔስ ከዝርዝሩ ተነሳ፤ ስክሪኑም ጠቆረ። ሪበኑን በ«ሪበንክሎዝ» ዘግቶ፣ «ሜኑባር» ብሎ 1 ሰጥቶ፣ ቱልባሮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ በራስ ስም ሴቭ ማድረግ ያኔም ይቻል ነበር፣ አሁንም ይቻላል። ለጠየቃችሁኝ ልጆች መልሱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ድርጅቱ አንድ ነገር በቀየረ ቁጥር አሮጌውን «ክላሲክ» የሚል ስም ሰጥቶ ጓዳ ያስቀምጠዋል። የሌየር ሳጥኑ ሲቀየር «ክላሲክሌየር»፤ የአሬይ ሳጥን በ2012ቱ ቨርዥን ጠፍቶ ሰው ሲያጉረመርም «አሬይክላሲክ»፤ በ2020ው ቨርዥን ብሎክ ማስገቢያው ሲለወጥ «ክላሲክኢንሰርት»። አንዳቸውም ሪበኑ ላይ ጎልተው አልተቀመጡም። ጓዳው የሚከፈተው ስሙን ለሚጽፍ ብቻ ነው።

ስም ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ይሄ ሁሉ ግርግር ብዙም አልነካውም። ኤል ብለህ ስፔስ ባር ስትመታ መስመር ነው፤ ኤም ማንቀሳቀስ ነው፤ ሲ ክብ ነው፤ ኦ ኦፍሴት ነው። ሜኑ ወጣ፣ ቱልባር መጣ፣ ሪበን መጣ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፤ የትእዛዟ መስመር ግን አለች። ግራ እጅ ኪቦርድ፣ ቀኝ እጅ ማውስ እያልኩ የጨቀጨቅኳችሁ ለዚህ ነበር። ቦታ የለመደ እጅ ቦታው ሲነሳ ባዶውን ይቀራል።

«ታዲያ ለምን አሮጌው ላይ አንቆይም?» የሚልም አይጠፋም። የማያስቆየው የዲደብሊውጂ ፋይሉ ነው። ፎርማቱ በየጊዜው ይለወጣል፤ የ2013 እና የ2018 ፎርማቶች የቅርብ ጊዜዎቹ ናቸው። አማካሪው በአዲስ ሴቭ አድርጎ ሲልክ የኮንትራክተሩ አሮጌ ቨርዥን አይከፍተውም፤ «እባክህ ወደታች አውርደህ ላክልኝ» የሚለው ልመና ይጀመራል። ከ2016 ጥር ወዲህ ደግሞ አንዴ ከፍሎ ለዘለዓለም የሚያዝ አዲስ ላይሰንስ መሸጥ ቆሟል፤ በኪራይ መልክ ነው። ስለዚህ ከአዲሱ መልክ ጋር መገናኘት አይቀርም።

ግን ኪቦርዱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ይህንን ካልነገርኳችሁ አዳላሁ ማለት ነው። በ2020 መጋቢት፣ አውቶካድ 2021 ላይ፣ የትሪም ስም ሳይነካ ውስጡ ተቀየረ። የድሮ ሰው ቲአር ብሎ ስፔስ፣ እንደገና ስፔስ መትቶ ነው መቁረጥ የሚጀምረው፤ ሁለተኛዋ ስፔስ «ሁሉም መቁረጫ ይሁን» ማለት ነበረች። በአዲሱ ግን መቁረጫው ከመጀመሪያውም ሁሉም ነው፤ ሁለተኛዋ ስፔስ ከትእዛዙ ታስወጣሃለች። ስንቱ ባለሙያ ሶፍትዌሩ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ጭኖታል! «ትሪምኤክስቴንድሞድ» ብላችሁ 0 ስትሰጡት ወደ ድሮው ይመለሳል።

ይቺኛዋን ለውጥ ግን ወድጃታለሁ። አንዷን ስፔስ ለመርሳት ሳምንት ቢፈጅ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ላይ 1 እንደሆነ ትቼዋለሁ።