ጭንቀትና እምነት በግብፅ በረሃ፦ የኤቫግሪዮስ ዘጳንጦስ ትምህርት ለጤና ባለሙያ

ልቡ እየመታ፣ እንቅልፍ አጥቶና የሚመጣውን ቀን ፈርቶ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሕሙም ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከሁለት አነጋገሮች አንዱን ይሰማል። ባለሙያው «ምንም የለብህም» ይለዋል፤ የቅርብ ሰው ደግሞ «እምነትህ ስለጎደለ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ሕሙሙን ከነጭንቀቱ ብቻውን ይተዉታል። ከ1,600 ዓመታት በፊት በግብፅ በረሃ የኖሩት መነኮሳት ግን ከእነዚህ የተለየ መንገድ ያውቁ ነበር። ይህን መንገድ በሥርዓት አደራጅቶ የጻፈው ኤቫግሪዮስ ዘጳንጦስ ነው።

ኤቫግሪዮስ እ.ኤ.አ. በ345 ገደማ፣ ዛሬ ሰሜናዊ ቱርክ በሆነው በጳንጦስ አገር ተወለደ። የቁስጥንጥንያ ጉባኤ በተካሄደበት በ381 ዓመት በዚያው ከተማ በዲቁና ያገለግል ነበር። ታሪኩን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ጰላድዮስ እንደሚተርከው፣ ከአንዲት ባለትዳር ወይዘሮ ጋር በፍቅር በመጠመዱ ከተማዋን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። በዚያም ትኩሳት ይዞት ስድስት ወር ያህል ማቀቀ፤ ሐኪሞችም መፍትሔ አጡለት። በኢየሩሳሌም ገዳም የመሠረተችው ሜላንያ ሕመሙ እንደ ሌላው ሕመም እንዳልመሰላት ገልጻ፣ በልቡ የያዘውን እንዲነግራት ጠየቀችው። እርሱም ሁሉን ገለጠላት፤ ለመመንኮስም ቃል ገባ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ከአልጋው ተነሳ። በዚህ ትረካ ለጤና ባለሙያ ጎልቶ የሚታየው ሜላንያ አስቀድማ ያደረገችው ነገር ነው፤ ይኸውም መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

በ383 ገደማ ወደ ግብፅ ወረደ። ሁለት ዓመት በኒትርያ፣ አሥራ አራት ዓመት ደግሞ ኬልያ በተባለው የበአቶች መንደር መጻሕፍትን በመገልበጥ እየተዳደረ ኖሮ በ399 ዐረፈ። በዚያ ሳለ የሰውን ልብ የሚያስጨንቁ ሐሳቦችን በስምንት ከፍሎ ጻፈ። አከፋፈሉ የኃጢአት ዝርዝር ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ስለ ገንዘብ ፍቅር ሲጽፍ የዘረዘረው የሀብታሙን ስስት ሳይሆን የድሃውን ስጋት ነው፦ እርጅና ይረዝማል፣ እጅ ከሥራ ይደክማል፣ ረሃብ ይመጣል፣ በሽታ ይጥላል፣ የሰው እጅ ማየት ያሳፍራል። ጾመኛው መነኩሴ ደግሞ ስለ ሆዱ፣ ስለ ጉበቱና ስለ ጣፊያው እንደሚሰጋ፣ ሲታመምም ሐኪም እንደማያገኝ እያሰበ እንደሚሸበር ገልጿል። በግሪክኛ አኬዲያ የሚባለውን ሐሳብ ሲገልጽም፣ በቀትር ፀሐይን የቆመች የሚያስመስል፣ መነኩሴውን ወደ መስኮቱ ደጋግሞ የሚያስመለክት፣ በአቱንና የእጁን ሥራ የሚያስጠላ መሆኑን አስፍሯል። በየዕለቱ ሕሙማንን የሚያዳምጥ ባለሙያ እነዚህን ቃላት አይስታቸውም።

መፍትሔውም ከዚሁ ትዝብት የመነጨ ነው። በመጀመሪያ ሐሳቡን መለየት ያስፈልጋል፤ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚበረታና እንደሚቀንስ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ማስተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው መልስ መስጠት ነው። ለዚህም «አንቲሬቲኮስ» በተባለው መጽሐፉ ወደ 500 ለሚጠጉ የሚያስጨንቁ ሐሳቦች ለእያንዳንዳቸው ከቅዱሳት መጻሕፍት የተመረጠ አጭር መልስ አዘጋጅቷል። ሦስተኛው፣ ያዘነ ሰው ነፍሱን በሁለት ከፍሎ አንደኛዋ ሌላይቱን እንድታጽናና ማድረግ ነው፤ ዳዊት በመዝሙሩ ነፍሱን ስለ ምን እንዳዘነች እንደጠየቃት ማለት ነው። አራተኛው ቦታን ሳይለቁ መጽናትና የእጅ ሥራን አለማቋረጥ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አባ እንጦንስም በትካዜ በተያዘ ጊዜ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲሠራ፣ ተነስቶ ሲጸልይ፣ እንደገናም ወደ ሥራው ሲመለስ አየ፤ እንዲህ አድርግ ትድናለህም ተባለ ተብሎ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ በልክ መሆን ነበረበት። ኤቫግሪዮስ ያለ ጊዜውና ያለ መጠኑ የሚደረግ ተጋድሎ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን አስተምሯል። እርሱም ለዓመታት በእሳት የበሰለ ምግብ ሳይቀምስ ከቆየ በኋላ ሆዱ ሲታመም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የበሰለ መመገቡን ጰላድዮስ መስክሯል። ጥብቁ ተጋዳይ የሰውነቱን ሕመም እምነት እንደማጣት አልቆጠረውም።

ትምህርቱ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በገዳማቶቻችን በግእዝና በአማርኛ ትርጓሜ የሚነበበው ማር ይስሐቅ ከኤቫግሪዮስ ብዙ የተማረ፣ በአድናቆትም የሚጠቅሰው ጸሐፊ ነው። ስለሆነም ስለ ሐሳብ ውጊያ ከንስሐ አባቱ የሰማ ሕሙም የዚሁ ረጅም ትውፊት ወራሽ ነው።

በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ አስጨናቂ ሐሳቦችን መዝግቦ በመመርመርና መልስ በመስጠት ላይ የተመሠረተ የንግግር ሕክምና አስተዋወቀ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቤክ ሐሳቡ እውነት መሆኑን በማስረጃ ይፈትናል፤ ኤቫግሪዮስ ግን ሐሳቡን በጸሎት ይዋጋል፤ ግቡም እግዚአብሔርን ማወቅ ነው። ይሁንና ሰው ያሰበው ሁሉ እውነት አለመሆኑን፣ ሐሳቡንም ቆሞ ሊመለከተው እንደሚችል ሁለቱም ያስተምራሉ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ለጤና ባለሙያው ግልጽ ነው። የእንቅርት፣ የደም ማነስ ወይም የልብ ምት መዛባት ምልክት በጭንቀት ስም እንዳይታለፍ መመርመር፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ሳያፍሩ መጠየቅ፣ መድኃኒት ለሚያስፈልገው መድኃኒት መስጠት ተቀዳሚ ግዴታው ነው። ከዚያም ሕሙሙ የሚጸልይ እንደሆነ ጸሎቱን ከመድኃኒቱ ጋር ሳያጣላ «በሚጨንቅህ ጊዜ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሕሙሙ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ኃይል የሕክምናው አጋር ያደርገዋል። እምነት መወቀሻ በሆነበት ቦታ ጭንቀት ይደበቃል፤ መጽናኛ በሆነበት ቦታ ግን ሕሙሙ እንደ ኤቫግሪዮስ አፉን ከፍቶ ይናገራል።