የአሉሚኒየም ድስት፦ ከብር ጎን ተነሥቶ ጓዳችን የገባበት ታሪክ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ብሂል ስለ ጉልቻው እውነት ይናገር ይሆናል፤ ስለ ድስቱ ግን አልተናገረም። ድስት ከምንና እንዴት እንደተሠራ ለወጡ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ለተመጋቢውም ጤና የሚያመጣው ነገር እንዳለ የተገነዘብኩት በሙያዬ አማካይነት አይደለም፤ በእናቴ ጥያቄ ነው። ትዳር በያዝኩበት ዓመት እናቴ ለአዲሱ ቤታችን ካበረከተችልን ዕቃ መካከል፣ ከቀለጠ አሉሚኒየም የተሠራ አንድ ወፍራም ብረት ድስት ይገኝበት ነበር። ልጃችን ምግብ መቅመስ በጀመረበት ወቅት እናቴ ድስቱን አንሥታ እያገላበጠች፣ «አንተ መሐንዲስ ነህና ንገረኝ፤ ይህ ዕቃ በሽታ ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ስትል ጠየቀችኝ። የብረታ ብረት ትምህርት ተምሬ ፈተናውን ያለፍኩ ሰው ስሆን፣ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት አልቻልኩም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። መልሱ ያለ ታሪኩ የተሟላ ስለማይሆን አስቀድሜ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከበረው ብረት

አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከሚገኙት ብረታ ብረቶች ሁሉ የበዛው ነው፤ ከቅርፊቱ ክብደት 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ይሁን እንጂ ከኦክሲጅን ጋር ያለው ቁርኝት እጅግ የጠበቀ በመሆኑ፣ እንደ ብረትና እንደ መዳብ በከሰል እሳት ከማዕድኑ ሊለይ አይችልም። በዚህም ምክንያት የሰው ልጅ መዳብንና ብረትን ለሺህ ዓመታት ሲገለገልባቸው፣ አሉሚኒየምን ለማየት እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ዴንማርካዊው ሃንስ ክሪስትያን ኤርስቴድ በ1825 ጥቂት ቅንጣት ለመለየት ቻለ፤ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በ1827 ዘዴውን አሻሻለው፤ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሴንት ክሌር ዴቪል ደግሞ በ1854 በሶዲየም አማካይነት በርከት አድርጎ የሚያመርትበትን መንገድ አገኘ። በ1855 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ አዲሱ ብረት እንደ ብርቅ ዕቃ ለሕዝብ ታየ። በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ግንባታ ሲፈጸም በጫፉ ላይ የተቀመጠው 2.85 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ጉልላት ነበር፤ በዚያን ጊዜ የአሉሚኒየም ዋጋ ከብር ዋጋ ጋር ተቀራራቢ ነበርና። በዚህ ዋጋ ድስት ሠርቶ ሽሮ ሊያበስልበት የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ሁለት ወጣቶችና አንድ መፍትሔ

ይህን ሁሉ የለወጠው የ1886 ዓመት ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በኦበርሊን ከተማ ቻርልስ ማርቲን ሆል የተባለ የ22 ዓመት ወጣት፣ በእኅቱ በጁልያ እየተረዳ በቤተሰቡ ቤት ሙከራ ያደርግ ነበር። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ፖል ኤሩ የተባለ እኩያው፣ ከእርሱ ጋር ሳይተዋወቅ፣ ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ ደረሰ። ሁለቱም በ1863 ተወልደው ሁለቱም በ1914 መሞታቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው። ዘዴያቸው ለመሐንዲስ አእምሮ ደስ የሚያሰኝ ቀላልነት አለው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ በራሱ ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በቀለጠ ክራዮላይት ውስጥ ከሟሟ ግን በ960 ዲግሪ ገደማ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ንጹሑን ብረት መለየት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦስትሪያዊው ካርል ዮሴፍ ባየር ቦክሳይት ከተባለው አፈር ንጹሕ ኦክሳይድ የሚገኝበትን ዘዴ አስመዘገበ። ዛሬም የዓለም ፋብሪካዎች የሚሠሩት በእነዚህ ሁለት ዘዴዎች ነው። ዋጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሽቆለቆለ፤ አምራቾቹም በተራቸው ገዢ ፍለጋ ወጡ።

ከገዢዎቹ ዋነኛዋ የቤት እመቤት ሆነች። በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ድስቱንና መጥበሻውን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ምግብ አብስለው በማሳየት የሸጡት፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ ጉዞው ለጊዜው ተገለበጠ። በሐምሌ 1940 የብሪታንያ የአውሮፕላን ምርት ሚኒስትር ሎርድ ቢቨርብሩክ፣ ሴቶች የአሉሚኒየም ድስታቸውን ለተዋጊ አውሮፕላን ሥራ እንዲለግሱ ጥሪ አቀረበ፤ ጓዳዎችም ተራቆቱ። በ1950ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ማርክ ግሬጓር ቴፍሎንን በአሉሚኒየም ላይ የማጣበቅ ዘዴ አግኝቶ፣ ምግብ የማይዘው መጥበሻ በ1956 ለገበያ ቀረበ።

በእኛም አገር ይህ ዕቃ ከሸክላ ድስት ጎን ቦታውን ሲይዝ «ብረት ድስት» የሚል ስም ወጣለት፤ ብረት ግን ዋና ነገሩ አይደለም። አሉሚኒየም በኩብ ሳንቲ ሜትር 2.7 ግራም ሲመዝን ብረት 7.87 ግራም ይመዝናል። ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ ንጹሕ አሉሚኒየም ብረትን ሦስት ጊዜ ያህል፣ የማይዝገውን ብረት ደግሞ ከአሥር ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ስለሚሰጥ እርጋታ ለሚሻ ወጥ ይስማማል፤ አሉሚኒየም ግን ፈጥኖ ይግላል፣ ማገዶም ይቆጥባል፣ ቢወድቅም አይሰበርም።

ስጋቱና እውነቱ

ወደ እናቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። በ1965 በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ምርምር አሉሚኒየም በአንጎል ውስጥ ጉዳት እንዳደረሰ በመታየቱ፣ በ1970ዎቹም በአልዛይመር ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ ይኸው ብረት በርክቶ ተገኘ በመባሉ፣ በድስቱ ላይ ብርቱ ጥርጣሬ አደረ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ድስቱ የሕመሙ መንስኤ መሆኑን አላረጋገጡም። ይህ ማለት ግን ብረቱ ወደ ምግብ አይገባም ማለት አይደለም። አሉሚኒየምን የሚጠብቀው አየር በነካው ቅጽበት በላዩ የሚፈጠረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ልባስ ነው፤ ይህም ልባስ በኮምጣጣም ሆነ በአልካሊ ነገር ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2011 ለአንድ ሰው በሳምንት የሚፈቀደውን የአሉሚኒየም መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 2 ሚሊ ግራም አድርጎ ወስኗል።

ዋናው አደጋ ያለው ግን ወሬው በጠቆመበት አቅጣጫ አይደለም። ከአሮጌ የሞተር አካል፣ ከራዲያተርና ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ አሉሚኒየም፣ እርሳስንና ካድሚየምን ይዞ ሊመጣ ይችላል። በ2014 በካሜሩን በተሠሩ ድስቶች ላይ የወጣ ጥናት እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አመለከተ። በ2017 ደግሞ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከመካከለኛው አሜሪካ ዐሥር አገሮች የተሰበሰቡ 42 ዕቃዎች በቀላል የአሴቲክ አሲድ ውሁድ ተቀቅለው ሲፈተሹ፣ 15ቱ በአንድ ገበታ መጠን 1 ማይክሮ ግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ አወጡ፤ ከቬትናም የተወሰደ አንድ ድስት ብቻውን በድጋሚ ፈተና ከ1,000 ማይክሮ ግራም በላይ አወጣ። ፈተናው ከተራ ወጥ ይልቅ የበረታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ለሕፃን ልጅ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም።

ምርጫው

እንግዲህ ድስት የሚመርጥ ሰው ምን ይመልከት? አንደኛ፣ ከፋብሪካ ላሜራ ተጭኖ የተሠራውን ምንጩ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ከቀለጠው ያስቀድም። ሁለተኛ፣ ግርጌው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ይምረጥ፤ ስሱ ፈጥኖ ይጎብጣል፣ እሳቱ በነካበትም ቦታ ብቻ ወጡን ያሳርራል። ሦስተኛ፣ አቅም ከፈቀደ የኦክሳይድ ልባሱ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲወፍር የተደረገውን ይውሰድ። ቴፍሎን የተቀባውን ደግሞ ባዶውን እሳት ላይ አይጣድ፤ ቅቡ ከ260 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራልና።

አያያዙም ከምርጫው አያንስም። ቲማቲምና ሎሚ የበዛበት ወጥ ቢበስልበትም በውስጡ አይደር። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ኮምጣጣ ስለሚሆን በአሉሚኒየም ዕቃ አይቡካ። ድስትን በአመድ እየፈተጉ ማንጻት የቆየ ልማዳችን ነው፤ አመድ ግን አልካሊ በመሆኑ ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን ጠባቂውን ልባስም ይገፋል። ውሃ በተፈላበት ድስት ውስጥ የሚታየው ጥቁረት የዚሁ ልባስ መወፈር እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ ሊያሳፍር አይገባም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በቋንቋዋ ነገርኳት። አዳምጣ ስታበቃ፣ «ታዲያ የእኔ ድስት ከየትኛው ወገን ነው?» አለችኝ። እርሳስ በዓይን አይታይም፤ በመልክና በድምፅም አይለይም። ድስቱን ከእሳት አውርደን እህል መስፈሪያ አደረግነው። ስጦታዋ በመሆኑ ቅር አላት፤ ግን አልተቃወመችኝም።

ይህን ስጽፍ በመርካቶ ምናለሽ ተራን በመሳሰሉ ሥፍራዎች አሮጌውን አዲስ የሚያደርጉትን የእጅ ባለሙያዎች ለመውቀስ አይደለም። አሉሚኒየምን ከአሮጌው መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ለማምረት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ሥራቸው በምህንድስና ሚዛን የሚመሰገን ነው። የሚጎድላቸው የትኛው ቁርጥራጭ ለድስት፣ የትኛው ለበር እጀታ እንደሚሆን የሚነግራቸው ሰው ነው። ያንን መናገር የሚችለው፣ የመፈተሻ መሣሪያውን የሚያውቀውና የብረቱን ጠባይ የተማረው የእኛ ሙያ ነው። ሆልና ኤሩ ብረቱን ለድሃ ጓዳ አረከሱት፤ ለጓዳው የታመነ ማድረግ ግን ለእኛ የቀረ ሥራ ነው። አንዲት እናት ልጇን መሐንዲስ ብላ ስትጠይቀው፣ ድስቱን ከእሳት ከማውረድ የተሻለ መልስ ሊኖረው ይገባል።