የሠራተኛ ሄልሜት አመጣጥ

የግንባታና የማዕድን ሠራተኞች ሄልሜት ራሱን የቻለ የገበያ ዕቃ የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው የቡላርድ ድርጅት ለማዕድን ቆፋሪዎች የካርባይድ መብራት ይሸጥ ነበር። ቆፋሪዎቹ ያኔ ከሚወርድ ድንጋይ ራሳቸውን የሚከላከሉት በቆዳ ቆብ ነበር፤ በቂ ግን አልነበረም። የመሥራቹ ልጅ ኤድዋርድ ቡላርድ ከጦርነቱ ሲመለስ የወታደሩን የብረት ቁር መነሻ አድርጎ በ1919 «ሃርድ ቦይልድ» የተባለውን ቆብ ሠራ። ሸራው በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ በሙጫ ይጠነክራል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን ብዙም ሳይቆይ ውስጡ የተጨመረው ማንጠልጠያ ነው፦ ቅርፊቱን ከራስ ቅል ስለሚያርቀው ምቱ ይበተናል።

በዚያው በሳን ፍራንሲስኮ የጎልደን ጌት ድልድይ ግንባታ በ1933 ሲጀመር ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ሠራተኛው ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ አዘዘ። ከድልድዩ ሥር የተዘረጋው መረብም 19 ሰዎችን ከሞት አተረፈ። ሆኖም በየካቲት 1937 መወጣጫ ተደርምሶ መረቡን ሲቀድ 10 ሠራተኞች ሞቱ። የዚህ ሐዘን ክብደት የሚሰማው፣ በግንባታው ዘመን የሞቱት በጠቅላላው 11 መሆናቸው ሲታወስ ነው።

በ1938 የአሉሚኒየም ሄልሜት መጣ። ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ለመስመር ሠራተኞች አደገኛ ነበር። ኋላም ፋይበርግላስ፣ ቀጥሎ ፕላስቲክ ተተካ። በአሜሪካ የ1970 የሥራ ደኅንነት ሕግ ከወጣ በኋላ ሄልሜት ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ሆነ።