ማሻሻያው ከመለኪያው ይጀምር፦ ከአሜሪካ የሥራ ሥልጠና ፕሮግራሞች የተገኘ ትምህርት

መንግሥት ለሥራ አጦች የሚሰጠው ሥልጠና ሲተች ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በጀቱ ላይ ያርፋል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ከበጀቱ አስቀድሞ መለኪያው መታረም አለበት የሚል ነው፤ ተቋማት ማንን እንደሚቀበሉና ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሠለጥኑ የሚወስኑት በምን እንደሚመዘኑ አይተው ነውና።

በ1982 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የወጣው የሥራ ሥልጠና አጋርነት ሕግ የአካባቢ ፕሮግራሞችን በውጤት መመዘን ጀመረ። ሠልጣኙ ሥራ ማግኘቱና ደመወዙ መጀመሪያ ሥልጠናውን ሲጨርስ፣ በኋላም ከጨረሰ በ13ኛው ሳምንት ይታይ ነበር፤ ጥሩ ውጤት ያስመዘገበው አካባቢ ማበረታቻ ያገኝ ነበር። በዚህ አሠራር ግን ሳይሠለጥንም ሥራ የማያጣውን አመልካች መቀበል፣ ብዙ ድጋፍ የሚሻውን መተው የሚያዋጣ ሆነ። በ16 አካባቢዎች 20,000 ያህል አመልካቾችን በዕጣ መድቦ ያነጻጸረው ብሔራዊ ጥናት፣ ለአዋቂዎች መጠነኛ የገቢ ዕድገት ሲያገኝ ለወጣቶች ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። ተመራማሪዎቹ ጄምስ ሄክማን፣ ካሮሊን ሄንሪክና ጄፍሪ ስሚዝም የአጭር ጊዜው መለኪያ ሥልጠናው ውሎ አድሮ የሚያመጣውን ለውጥ እምብዛም እንደማያመለክት አሳይተዋል።

በአሜሪካዋ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ያለው የሥልጠና ፕሮግራም፣ ፕሮጀክት ክዌስት፣ የተለየ መንገድ ተከትሏል። በ1990 የሊቫይ ስትራውስ ልብስ ፋብሪካ ተዘግቶ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ፣ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተደራጁ የማኅበረሰብ ማኅበራት የመንግሥት ገንዘብ አስመድበው ፕሮግራሙን መሠረቱ። ሠልጣኞች በማኅበረሰብ ኮሌጆች በተለይ የጤና ሙያ ይማራሉ። የትምህርት ክፍያ ይሸፈንላቸዋል፤ ለልጅ መዋያና ለትራንስፖርት ይደገፋሉ፤ በየሳምንቱ ከአማካሪ ጋር ይገናኛሉ። በዕጣ ምደባ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ትምህርት ላይ በነበሩበት የመጀመሪያ ዓመት ገቢያቸው ዕድሉን ካላገኙት ያነሰ ነበር፤ በኋላ የመጣው ብልጫ ግን በዘጠነኛው ዓመትም አልጠፋም። ፕሮግራሙ ከምዝገባ በኋላ ባሉት ወራት ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ከንቱ በተባለ ነበር።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የሥራ ሥልጠና ሕግ ክትትሉን ሥልጠናው ካበቃ በኋላ እስከ አራተኛው ሩብ ዓመት አራዝሟል፤ የሠልጣኞችን የኑሮና የሙያ ልዩነት ያገናዘበ ማስተካከያም ይጠይቃል። ይህ የሚበረታታ እርምጃ ቢሆንም አይበቃም። ገቢን ለዓመታት መከታተል፣ ካልሠለጠኑ አቻዎች ጋር ማነጻጸርና በሥልጠናው ወቅት የቤተሰብ መተዳደሪያን መደገፍ የማሻሻያው ዋና አካል ሊሆኑ ይገባል። እነዚህ በሌሉበት በጀት ቢጨመር፣ ተጠቃሚው አስቀድሞም ሥራ ለማግኘት የተቃረበው ሰው ብቻ ይሆናል።