«አልጋ አለ?»
ከስሜን ግርጌ እስከ እቴጌ ሆቴል

ደባርቅ ላይ ሲመሽ ብርዱ ከስሜን ተራሮች ወርዶ ጋቢ ውስጥ ይገባል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ፣ ሻንጣውን መሬት ሳያስቀምጥ የሚያነሣት ጥያቄ አንዲት ናት፦ «አልጋ አለ?»

እኔም በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር በአንድ ማምሻ ይህችኑ ጠይቄ፣ «አለ» ስባል ክፍሉን ሳላይ ከፈልኩ። ክፍሉ ንጹሕ፣ አንሶላውም ነጭ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ግን ቡና ቤት ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ዘፈን፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብና ዕርቅ፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ደግሞ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ሞተር ማሞቅ ጀመሩ። ሲነጋ ከመኝታ ሳይሆን ከመንገድ የመጣሁ መስዬ ተነሣሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አምቢኮ ነበርኩ። አምቢኮ የቧሂትን በር ተሻግሮ፣ የመሸሃን ወንዝ አቋርጦ ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው የመጨረሻ ሌሊቱን የሚያሳልፍባት የገጠር መንደር ናት። እዚያ በአንድ ገበሬ ቤት፣ መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎልኝ፣ ከእሳቱ ማዶ በጎች እያመነዠጉ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በጉም ያመነዥጋል፤ ውሻውም ይጮኻል፤ ጸጥታው ግን ሙሉ ነበር። ለአንድ ለሁለት ሌሊት ደስ የሚልና ጸጥ ያለ ማደሪያ መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ከአልጋው ይልቅ ከታሪኩ ሳይጀምር አይቀርም።

ቤት ለእንግዳ

«ሆቴል» የሚለው ቃል አማርኛ ውስጥ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ይህ መንገድ ነበረ። ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በዓድዋ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ጎንደር የሚገባው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላ እንጂ ገንዘብ ተከፍሎ የሚታደርበት ቤት አልነበረም። ነጋዴው በጓድ ይጓዛል፤ ሲመሽ ጭነቱን አራግፎ በመስክ ይሰፍራል። ብቸኛው መንገደኛ ግን ከአንዱ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ነገሩ አለቀ። እግሩ ይታጠባል፤ ቆሎና ጠላ ይቀርብለታል፤ በቅሎው ገለባ ታገኛለች፤ ከመደቡ የሚሻለው ቦታ ለእሱ ይለቀቃል።

ይህን ደግነት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ታሪክን ማሳነስ ነው። የዛሬው ባለቤት የነገ መንገደኛ ስለሆነ፣ ልማዱ የሁሉም መድን ነበር። ልክም ነበረው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። የአጭር ቆይታን ሕግ አባቶቻችን ያወጡት ሆቴል ሳይኖራቸው ነው።

ሌላም ገጽታ ነበረው። የንጉሥ ወይም የመኳንንት ትእዛዝ ይዞ የሚጓዝ እንግዳ ሲመጣ፣ የጭቃ ሹሙ ከየቤቱ እንጀራውን፣ ጠላውን፣ ማሩን፣ አንዳንዴም በጉን አሰባስቦ እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር። ስሙ ደርጎ ይባላል። ለእንግዳው ግሩም መስተንግዶ ነው፤ ለገበሬው ግን ያላሰበው ግብር ነው። የውጭ አገር መንገደኞች በመጽሐፎቻቸው «የኢትዮጵያ እንግዳ ተቀባይነት» እያሉ ካመሰገኑት ውስጥ አንዳንዱ ከእንዲህ ያለው ገበሬ ማጀት የወጣ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ በየካቲት ወር ጎንደር ሲደርስ፣ ዋና ከተማ ገባ እንጂ ማደሪያ ቤት አላገኘም። መጀመሪያ ያረፈው በእስላም ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። በኋላ ፈንጣጣ የገባባቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች እንዲያክም ሲጠራ፣ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ግቢያቸው አስቀመጡት። ቁስቋም ከከተማው ግርግር ወጣ ብላ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ ብሩስ ከመሐል ገበያ ተነሥቶ ጸጥ ወዳለ ማረፊያ ተዛወረ። ለዚያ ሌሊት የከፈለው ግን በገንዘብ ሳይሆን በሙያው ነበር።

የስሜኗ ልጅ እና ሂሳቡ

የማደሪያን ነገር ከልመናና ከትእዛዝ አውጥተው ወደ ሂሳብ ያመጡት እመቤት ዘራቸው ከዚሁ ከስሜን ይመዘዛል። የእቴጌ ጣይቱ አባት ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው ደረስጌ ላይ ተሸነፉና፣ ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። ለባለቤቱ የተሰናዳው ድግስ ለእንግዳው ሆነ።

የወንድማቸው ልጅ ሌላ ዓይነት ድግስ አሰናዱ። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ። የውጭ አገር መልእክተኛውና ነጋዴው እየበዛ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው በየመኳንንቱ ግቢ ማሳደር እንደማይዘለቅ እቴጌይቱ ተረድተውታል።

ችግሩ ያገሬው ሰው ነበር። ጠላና ጠጅ መሸጡ የተለመደ ቢሆንም፣ እንጀራና ወጥ አቅርቦ «ክፈል» ማለት ነውር ነበር። መብላቱም ያሳፍራል፤ ገንዘብ ማውጣቱም እንግዳ ነው። ሆቴሉ ሰው ሲያጣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሂሳብ ከፍለው እንዳሳዩ ይተረካል። ሣቅ የሚያጭር ታሪክ ነው። ቀስ ብለው ሲያስቡት ግን ትልቅ ለውጥ አለበት። የከፈለ እንግዳ ውለታ የለበትም፤ ገንዘብ የተቀበለ ባለቤትም ግብር አልከፈለም። ሁለቱም ነፃ ወጡ። ከነፃነቱ ጋር ግን ብርድ ገባ፤ «ቤት ለእንግዳ» የነበረው «ስንት ቀን ትቆያለህ?» ሆነ።

ሆቴሎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ሲመጡ፣ መንገደኛው አዲስ ሥራ ተጨመረለት፦ መምረጥ። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ የኢጣሊያን ወረራ ሊዘግቡ የመጡት የዓለም ጋዜጠኞች አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቁ፣ አብዛኞቹ በትልቁ ሆቴል ተጣበው ወሬ ሲሻሙ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ያረፈው ጀርመኖች በሚያስተዳድሩት አነስተኛ ማረፊያ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆዳ ፋብሪካ ነበረና ነፋስ ሲዞር ሽታው አያስቀምጥም። ሆኖም ባለቤቶቹ እንግዳቸውን ያውቁታል። ዎ ስለ አገራችን የጻፈው ብዙው ነገር የወራሪውን ወገን ያገነነ፣ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ ማደሪያ በመምረጥ ረገድ ግን አልተሳሳተም።

አልቤርጎ

ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው የስሜንን ግርጌ በመኪና መንገድ አገናኘ። የሊማሊሞን ገደል ጠምዝዞ የወጣው መንገድ የዚያን ዘመን ሥራ ነው። ከደባርቅ አጠገብ ወልቂፊት ላይ መሽጎ የነበረው ጦሩ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። መንገዱና አንድ ቃል ግን ቀሩ። ቃሉ «አልቤርጎ» ነው። አማርኛ ከኢጣሊያንኛ ተቀብሎ፣ ከቡና ቤት ጀርባ ላሉት ባለ አንድ አልጋ ክፍሎች መጠሪያ አደረገው።

የመኪና መንገድ የዘረጋው ማደሪያ እንግዲህ ይህ ነው። ፊት ለፊት ቡና ቤት፣ በመሐል ጠባብ ግቢ፣ ከጀርባ ተርታ ክፍሎች። ያተረፈው መጠጡ ነው፤ አልጋው ተከታይ ነው። ስለዚህም ነው ብዙው የመንገድ ዳር ሆቴላችን ለሚጠጣው እንጂ ለሚተኛው ያልተሠራው። እኔ ደባርቅ ላይ ያደርኩበት ክፍል የሰማኒያ ዓመት ታሪክ ነበረው ማለት ነው።

የስሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ለመሆን በቁ። ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ ደባርቅ የማደሪያ ከተማ ሆነች። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሲሰፍሩ፣ ለዘመናት መንገደኛ ያሳደሩ ሰዎች ራሳቸው ለከተማው እንግዳ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ አገር ጎብኚው ጠፍቶ ተፈናቃዩ መጣ። ያን ሰሞን «አልጋ አለ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙ ሌላ ነበር።

የገብሱ ዋጋ

አሁን ወደ አምቢኮ ልመለስ። ሲነጋ ያሳደሩኝ እናት የሌሊቱን ዋጋ ነገሩኝ፤ ሳያፍሩ፣ ሳይጨምሩ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ከእግዜር እንግዳነት ወደ ደንበኛነት በአንዲት ቃል ወረድኩ መሰለኝ። ቁልቁለቱን ስጀምር ግን አፈርኩ። ገብሱ የተዘራው በዚያ ገደል ላይ ነው፤ ውኃው የተቀዳው ከሩቅ ነው፤ እንጨቱም እንዲሁ። በነፃ ላድር የፈለግሁት እኔ፣ ደርጎ ሊበላ የመጣ ባለሟል ከመሆን በምን እለያለሁ? ደግሞም ዋጋውን መናገራቸው ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው እሳቱን ከመቆስቆስ፣ ውሻውን ከመገሠጽ አላገዳቸውም። ገንዘቤን ተቀበሉ፤ ሌሊቴንም ተረከቡ። ያን ሌሊት የተሰማኝ ጸጥታ ከዚህ የመጣ ነበር።

ስመለስ ደባርቅ ላይ እንደገና ማደር ነበረብኝ። በዚህ ጊዜ ሻንጣዬን ይዤ ሦስት ቤት ገባሁ። ክፍሉን አስከፍቼ አየሁ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወደ ጓሮ? ቡና ቤቱ ስንት ሰዓት ይዘጋል? የጭነት መኪና የሚያድረው የት ነው? ውኃው በስንት ሰዓት ይመጣል? በመጨረሻም ዋናዋን ጠየቅሁ፦ ሌሊት የግቢው ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ሁለቱ ቤት ለዚህች መልስ አልነበራቸውም። በሦስተኛው፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ከማድቤት ብቅ ብለው ቁልፉ እሳቸው ዘንድ መሆኑን ነገሩኝ።

ክፍሉ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ወዲያው ከፍዬ ገባሁ።