ሐዲስ ዓለማየሁና የስእለቱ ልጅ

ደራሲ የሚጽፈው ነገር ልብ ወለድ ቢሆንም፣ ከተወለደበት ቤትና ካደገበት ደጅ የቀዳውን ይጽፋል እንጂ ከባዶ አያመጣም። ይህም በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት፣ ይልቁንም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ተገልጦ ይታያል።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው የዘመኑን ትምህርት ያዙ፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩና ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነት በባሕር ማዶ ኖሩ። ይህን ሁሉ አገር አይተው ብዕር ሲያነሡ ግን የጻፉት ስለ ሮማ ወይም ስለ ለንደን አይደለም፤ ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ነው።

በዛብህ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉ፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ሰጡት። የመከራው ሁሉ ሥር ይህ ነው። የካህናትን ቤት ገመና አወጣ ብሎ መጽሐፉን የሚነቅፍ አንባቢ ቢኖር፣ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይመልከት። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዲያቆን በሕግ አግብቶ ይቀስሳል፤ የካህን ልጅ የሆኑት ሐዲስም ራሳቸው የዚህ ምስክር ናቸው። ሐና ሳሙኤልን በስእለት ብትሰጠው፣ ሳሙኤል በእግዚአብሔር ፊት አገልግሎ ኢዮኤልንና አብያን ወልዷል። እንግዲህ በዛብህን ያሰረው ክህነት አይደለም፤ ያልተጠየቀበት ስእለት ነው። ይህን ለይቶ መጻፍ የሚችል በካህን ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ከውጭ የመጣ ጸሐፊ ቢሆን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰድብ ነበር።

ሰብለ ወንጌልም እንዲሁ ናት። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ባል ሲመርጡ ዕድሜዋ አለፈ። እሱ በአባቱ ስእለት፣ እሷ በአባቷ የዘር ኩራት ታሰሩ፤ ሁለቱም ሳይጠየቁ የተቈረጠ ነገር ነው።

ጉዱ ካሳን ብዙ ሰው የባሕር ማዶ ትምህርት ቃል አቀባይ ያደርገዋል። ይህ ግን አይመስልም። ካሳ በአገሩ ትምህርት የበሰለ ሊቅ ነው፤ የጌቶችን ሥርዓት ሲነቅፍም ነገሩን እንደ ቅኔ ሰም አልብሶ፣ ወርቁን ለሰሚ ትቶ ይናገራል። በቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሳይቀር ይነቅፋል፤ ጥፋት አግኝቶ ዝም ያለ እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። ሐዲስ ይህን ልማድ ከዲማ ይዘው ወጥተው ለካሳ ሰጡት። የመንደሩ ሰው ግን ቅኔው ስላልተፈታለት «ጉዱ» ብሎ ጠራው።