ጃንሆይ፣ ሉሉ እና የኛ ሰፈር «የፈረንጅ ውሾች»

«ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ከሚባሉት ንጉሥ ጎን አንበሳ ብቻ አልነበረም። ክብደቷ ከአንድ ጥሩ ዶሮ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ዓይኗ የፈጠጠ አንዲት ትንሽ ውሻም ነበረች። ስሟ ሉሉ ይባላል። የድሮ ፎቶዎችን የምታገላብጡ ሰዎች ሳታዩዋት አትቀሩም፤ አንዴ ጃንሆይ እቅፍ ውስጥ፣ አንዴ እግራቸው ሥር፣ አንዴ ደግሞ ባሕር ማዶ። በ1959 ዓ.ም. ጃንሆይ ካናዳ ሄደው ሞንትሪያል ላይ የተከፈተውን ኤክስፖ 67 ሲጎበኙ ሉሉም አብራ ነበረች። የካናዳ ጋዜጠኞች ንጉሡን ሊያነሱ መጥተው ካሜራቸውን ወደ ውሻዋ ቢያዞሩ አይፈረድባቸውም።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ቀላል ነገር ነው። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኛም ሰፈር፣ በሰበታም፣ በሱሉልታም ትናንሽ ውሾች በዝተዋል። ድሮ ግቢ ውስጥ ውሻ ማለት ሌባ የሚያባርር፣ ጅብ ሲመጣ አገር የሚያናውጥ ማለት ነበር። አሁን ሶፋ ላይ የሚተኛ መጣ። ሁሉንም ባንድነት «የፈረንጅ ውሻ» እንላቸዋለን፤ ችዋዋውም፣ ፑድሉም፣ ከሁለቱ የተደባለቀውም ያው ነው። አንድ ወዳጄ ስለነዚህ ውሾች ስናወራ «ይሄ የዛሬ ልጆች ያመጡት ቅብጠት ነው» አለኝ። እንዴ! ቤተ መንግሥታችን እኮ ከስልሳ ዓመት በፊት ጀምሮታል።

በነገራችን ላይ ሉሉን «እሷ» እያልኩ የምጽፈው በአማርኛ ወጋችን ትንሽና የሚያሳሳ ነገር በአንስታይ ስለሚጠራ ነው። ስለ ሉሉ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው መጽሐፍ ግን በወንድ ጾታ ነው የሚጠራት። ወደሱ ልምጣ።

ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የሚባለው የፖላንድ ጋዜጠኛ ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ስማቸውን በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ከጠቀሳቸው የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎች ሰማሁት ያለውን «ንጉሠ ነገሥቱ» በሚል ርእስ በእ.ኤ.አ. 1978 አሳተመ። በ1983 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ዓለም አነበበው። መጽሐፉ ገና ሲከፈት ከሚመጡት ታሪኮች አንዱ የሉሉ ነው። ሉሉ የጃንሆይ ትልቅ አልጋ ላይ እንድትተኛ ተፈቅዶላት ነበር ይላል። በሥነ ሥርዓት ጊዜም ከንጉሡ ጭን ላይ ወርዳ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸናለች። መኳንንቱ እግራቸው ቢርስም ንቅንቅ ማለት አይችሉም። ተናጋሪው ሥራዬ በሳቲን ጨርቅ እየዞርኩ ጫማቸውን ማድረቅ ነበር፤ አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ቆየሁ ይላል።

ጥሩ ታሪክ ነው፤ ለማውራት ይጥማል። ብዙ ሰው ስለ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት የሚያውቀው ብቸኛ ነገርም ይኸው ነው። ግን እንመርምረው። መጽሐፉ ሉሉን የጃፓን ዝርያ ይላታል። የጃፓን ቺን የሚባል ትንሽ ውሻ በርግጥ አለ፤ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ፀጉሩ ረጅም፣ ጆሮው የተንጠለጠለ ነው። በፎቶ የምናያት ሉሉ ግን ፀጉሯ አጭር፣ ጆሮዋ እንደ ሌሊት ወፍ የቆመ፣ አፈሙዟ ሾል ያለ ነው። ይህች ችዋዋ ናት። ችዋዋ ስሙን ያገኘው በሰሜን ሜክሲኮ ካለ ግዛት ነው፤ ከጃፓን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አሥር ዓመት ከአንድ ውሻ ኋላ ጨርቅ ይዞ የኖረ ሰው የውሻዋን መልክ እንዴት ይስታል? ስሕተቱ የተናጋሪው ይሁን የጸሐፊው እግዜር ይወቅ። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠናው አሜሪካዊው ሃሮልድ ማርከስ በእ.ኤ.አ. 1990 ባሳተመው ጽሑፍ መጽሐፉን እንደ ታሪክ ማስረጃ ተቀብለው ያወደሱትን ሐያሲዎች ክፉኛ ተችቷቸዋል። መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ሳይሆን በምሳሌ ስለ ራሷ ስለ ኮሚኒስት ፖላንድ የተጻፈ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ትንሽ ውሻ ጫማ ላይ መሽናቷን አልክድም። ፊኛዋ ትንሽ ነው፤ ስትደሰትም ስትፈራም ያመልጣታል። ባለ ችዋዋ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ላይ የተሰፋው የሳቲን ጨርቅና የአሥር ዓመቱ ሹመት ግን የደራሲ እጅ ያለበት ይመስለኛል። ችግሩ ቀልዱ አይደለም። በዚያ ታሪክ ውስጥ የምንታየው ሕዝብ፣ ውሻ ቢሸናበት እንኳ ዝም የሚል ሆነን ነው። ይህ ነው የሚቆጠቁጠኝ።

በርግጥ ትንሽ ውሻና ዙፋን የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቻይና ቤተ መንግሥት ፔኪኒዝ የሚባሉት ትናንሽ ውሾች በክብር ይያዙ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ አጠገብ ያለውን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ ከእነዚህ ውሾች አንዷ ተወስዳ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተበረከተች። ስሟን ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ሉቲ»፤ ዝርፊያ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል። ከስምንት ዓመት በኋላ የዚያው መንግሥት ጦር መቅደላ ላይ ወጣ። ታቦቱን፣ ብራናውን፣ ዘውዱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሲወርድ ትንሹን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ሄደ። ዓለማየሁ እዚያችው ንግሥት ፊት ቀረበ፤ በ18 ዓመቱ በ1879 አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። ልዑልን ከውሻ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ አደራ። የዘረፈ እጅ የሚያምር ነገር ሲያይ እንዴት እንደሚያስብ ግን ከሉቲ ስም በላይ የሚናገር የለም።

ወደ ሉሉ ልመለስ። የሉሉን ዕጣ የቀየረው መጽሐፍ ሳይሆን ፊልም ነው።

በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረሃብ አለቁ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ታየ፤ ዓለም ደነገጠ። ደርግ ይህን ፊልም ወሰደና አዲስ ነገር ሠራበት። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናትን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ከቅንጡ ሠርግና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳይ ምስል ጋር እያፈራረቀ ቆረጠው። ከዚያም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ በቴሌቪዥን ለቀቀው። ጃንሆይም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ መስከረም 2 ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥተው በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ወሬው ግን ከቴሌቪዥን ይሮጣል። «ሕዝቡ ሲራብ ውሻ ሥጋ ይበላል» የሚለው ነገር እንደ ጉድ ተዛመተ። እንደ ፕሮፓጋንዳ ካያችሁት የተዋጣለት ሥራ ነው። የመንግሥት በጀት፣ የእህል ክምችት፣ የተደበቀ ሪፖርት ለሰው አይገባም። ውሻ ሥጋ ስትበላ ግን ሁሉም ይገባዋል። ረሃቡ መደበቁ እውነት ነው፤ መንግሥቱም ተጠያቂ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝም። ነገር ግን አንድ ውሻ በቀን የምትበላው ቁራሽ ወሎን አላስራበም። ያስራበው ድርቁ፣ የመሬት ሥሪቱ፣ ባለጭሰኛው የሚከፍለው ግብርና የሹማምንቱ ዝምታ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. እንዲያ ያለው ረሃብ ሲደገም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሉሉ አልነበረችም።

ይህን ስል ግን አንድ ሰው ይቆጣኛል። ሰበታ ያሉ አንዲት እናት አሉ፤ የዘመዴ ጎረቤት ናቸው። ልጅ ሆነው ከወሎ በዚያ ረሃብ ነው የወጡት። ዘመዴ ለውሻዋ ሥጋ ቆርጣ ስትሰጥ ካዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ውሻም እኮ የእግዜር ፍጥረት ነው» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ውሻ አልጠላም። ያኔ ውሻ ምን ሲበላ እንደነበር መንገድ ላይ ያየሁትን አንተ አላየህም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ደርግ ያንን ፊልም ባይቆርጠው እንኳ የሳቸው ዓይን የቆረጠው ፊልም አለ።

እንግዲህ ዛሬ ውሻዋ ከቤተ መንግሥት ወጥታ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ከገባች ዘንድ በቅጡ መያዝ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ችዋዋ ከሦስት ኪሎ አይበልጥም። ብዙዎቹ ሲወለዱ እንደ ሕፃን ልጅ እርግብግቢት አላቸው፤ አናታቸው ላይ ለስላሳ ቦታ ማለት ነው፤ በአንዳንዶቹ ዕድሜ ልክ አይገጥምም። ልጆች ከሶፋ ጥለዋት የምትሞተው ለዚህ ነው። የኋላ እግሯን አንዳንዴ አንስታ በሦስት እግር ከዘለለች የጉልበቷ ሎሚ እየወጣ እየገባ ሊሆን ይችላል። አንገቷ ላይ ገመድ አስራችሁ አትጎትቷት፤ የአየር ቧንቧዋ ደካማ ነው፤ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላል። ቡችላ ሳለች ጥቂት ሰዓት ጾማ ከዋለች የደም ስኳሯ ወርዶ ትንቀጠቀጣለች፤ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ነው የምትመገበው። ጥርሷ ቶሎ ይበላሻል። ከተያዘች ግን 14 እና 15 ዓመት ትኖራለች፤ ስለዚህ ለልጅ ልደት ተገዝታ የምትረሳ ዕቃ አይደለችም።

ብርዱን አትናቁ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጩን የነካው ያውቀዋል። የሀበሻ ውሻ ፀጉሩን ነፍቶ ያድራል፤ ችዋዋ ግን ትሞታለች። ደግሞ ጅብ አለ። እሷን ማታ ግቢ መተው ለጅብ እራት ማቅረብ ነው።

ምግብ ላይ የኛ ቤት ትልቁ አደጋ ወጥ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። «ትንሽ በእንጀራ ፈትፍቼ» የምትሉ ተዉ። የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከልኳንዳ የሚመጣውን ሳንባና ጉበት በጥሬው አትስጡ፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ለውሻ ኮሶ ይሰጣል፤ እንቁላሉ ከውሻዋ ወደ ልጃችሁ ከገባ ጉበትና ሳንባው ላይ ያንኑ ውሃ ይቋጥራል። መቀቀል ነው፤ ውሻዋንም በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት።

ከሁሉ በላይ ክትባት። አዲስ አበባ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ የተመዘገበው በእ.ኤ.አ. 1903፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ በሽታው ዛሬም አለ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ» ሲባል ይሰቀጥጠዋል፤ ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮ ክትባት ነው፤ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ይወጉት ነበር። የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ብሔራዊው የእንስሳት ጤና ተቋም እዚሁ ሰበታ ነው ያለው፤ ከቤታችን በታክሲ የሚደረስ ቦታ። እኛ ግን አሁንም «የኔ ውሻ እኮ ከቤት አትወጣም» እንላለን። አጥር የዘለለ አንድ የሰፈር ውሻ ይበቃል።

ቡችላዋ ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቡ፤ ከዚያ በየዓመቱ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ፣ ነካሿ የሉሉን ያህል ብታንስ እንኳ፣ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጸበሉንም ሂዱ፣ የምታምኑበትን አድርጉ፤ መርፌው ግን አይቅር። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

የክትባት ካርዷን ከቤት ካርታና ከልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት። ሲፈለግ የሚጠፋው እሱ ነው።